የአባባ ሰንጢ በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ

ሚዛን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻው ጋ ቦርሳዬን ከፍቼ ሰንጢዋን ሳወጣት፣ ቀድሞኝ የወጣው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው። አባባ ካረፈ ስንት ዓመቱ፤ የሰንጢዋ ስለት ግን ዛሬም ብርቱካን ብርቱካን ይላል።

አባባ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ሰንጢዋ የቡና ጆንያ ገመድ ስትቆርጥ፣ ሙሉ ሳሙና መግዛት ላልቻለ ሳሙና ስትከፍል ትውልና፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሰፈሩ ልጆች እርሳሳችንን ይዘን ባንኮኒው ፊት ስንኮለኮል፣ አባባ የአንዳችንንም ሳይዘል ይቀርጽልን ነበር። አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል። ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣታል፣ የፈለጋት ራሱ ያነሳታል። ታላቅ ወንድሜ ቸኩሎ እጁን የዘረጋ ዕለት ቁንጥጫውን ቀምሷል።

ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ የሚበረው ከሣር ሜዳ ተነስቶ ነበር፤ እኛ ላሞቹን ከሜዳው እስክናባርር አውሮፕላኑ ከላይ እየዞረ ይጠብቀናል። አባባ እላይ ሆኖ ሰንጢዋን አውጥቶ ብርቱካን እየላጠ ለመንገደኛው ሁሉ ያድል እንደነበር፣ አስተናጋጇም ድርሻዋን እንደማትተው ሲያወራልን አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን። በኋላ የአየር መንገዱ ሕግ ተለወጠና ሲሳፈር ሰንጢዋን ወስደው፣ ሲወርድ ይመልሱለት ጀመር። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ተቀየመ።

አሁን ደግሞ መመለሱም ቀርቷል። ፈታሹ ወጣት «እትዬ፣ ትንሽም ብትሆን ስለት ይዞ መግባት አይቻልም፤ በጭነት እንዳትሄድ ሰዓቱ አልፏል። እዚህ ሳጥን ከገባች ደግሞ አትመለስም» አለና እጁን ዘረጋ።

እኔና ወንድሜ ሱቁ ሲሸጥ ተጣልተን፣ በለቅሶ እንኳ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ከርመናል። በቅርቡ ራሱ ከአዲስ አበባ ደወለና «ሌላ ምንም አልፈልግም፤ የአባባን ሰንጢ ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ። ባዶ እጄን ብሄድ ምን ብዬ ደጁን አንኳኳለሁ?

በእጁ አልሰጠሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ልጁ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። የኛው አገር ልጅ ነው፣ እቤቱ ሲባል የሰማው ነገር ነው።

«ሕጉን መጣስ አልችልም፤ ሳጥኑ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ግን ራስዎ ይክተቷት፤ እኔስ አላነሳትም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። አነሳኋት። አጥፌ ኪሴ ከተትኳትና፣ ትኬቱ ከፈለገ ይቃጠል ብዬ፣ ከሰልፉ ወጣሁ።

ሰማይ ላይ ብርቱካን የላጠ ሰው ልጅ፣ በቦንጋ በጅማ አድርጌ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ በአውቶቡስ ተጓዝኩ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ኪሴን እየዳበስኩ «ወይ ፍንክች!» እላለሁ ለራሴ።

ወንድሜ በሩን ከፈተ፤ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሳልቀመጥ ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፣ አጠገቧም ከጓሯችን የለቀምኩትን ብርቱካን። ሱቁ የለም፣ ባንኮኒው ተነቅሏል፣ ያ ሣር ሜዳ የለም፣ ሰማይ ላይ ብርቱካን የሚያድል ሰው ከእንግዲህ አይገኝም። ናፈቀኝ፤ ሁሉም ናፈቀኝ።

ወንድሜ ሰንጢዋን አነሳ። ብርቱካኑን ልጦ ለሁለት ከፈለ። ግማሹን ግን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠልኝም፤ ከእጁ በእጄ ሰጠኝ።