የሉካ ስም በሰው ዘፈን

ካዌሎን ሞሎካይ ላይ የማያውቀው የለም። ደሴቷ ትንሽ ናት፤ ሰውየው ጎረቤትህ ካልሆነ የአጎትህ ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱን ባንድ የጥንቱን ዘፈን የሚያስተምረው እሱ ነው። ኖታ አያነብም። በኡኩሌሌው፣ በዛች ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታሩ ያሰማቸዋል፣ ልጆቹ በትሮምቦንና በክላርኔት ይከተሉታል። እኔ የተማሪዎቹን አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ከሙዚቃ የማውቀው ክላክስ ብቻ ነው።

አምና የአበባ ጉንጉን በዓል ሲደርስ የባንዱ ኃላፊ ሚስተር ኦሺሮ፣ «ካዌሎ፣ ዘንድሮ ከራስህ ቤተሰብ የወረደ ዘፈን ይሁን» አለው። ካዌሎም እሺ አለ። ችግሩ፣ የካዌሎ ቤተሰብ ዘፈን የለውም። ያላቸው አሳማ ነው። እኛ ዘንድ ለሚወዱት ሰው ዘፈን ይወጣለታል፣ መጨረሻው ላይ ስሙ ይጠራል። ለነካዌሎ ግን አንድ ስንኝ ያወጣ ሰው የለም። ይሄን መናገር አፈረ።

ስለዚህ የአክስት ሃውናኒን ዘፈን አመጣ፤ እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሁሉ አክስት ወይም አጎት ነው የሚባለው። እኔና እሱ ጣሪያቸውን ስንጠግን እሳቸው ታች ልብስ እያጠቡ ለእናታቸው ለካሊኖኤ የወጣውን ዘፈን ሲዘፍኑ ሶስት ቀን ሰምተናል። የሰው ዘፈን እንዴት እንደሚወሰድ ሕፃንም ያውቃል፤ ዓሣ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ትጠይቃለህ፣ እሺ ይሉሃል። ካዌሎ አልጠየቀም። የካሊኖኤን ስም አወጣና የሴት አያቱን የሉካን ከተተ።

ማካና የምትባል ክላርኔት ነፊ፣ «አጎቴ፣ ስሙ አጠረኮ» አለችው።

«ሳቢው!»

ሉ-ኡ-ኡ-ካ ብለው ሳቡት። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ምን አገባኝ አልኩ። ያን ሰሞን ካዌሎ አሳማ አርዶ ግማሽ ጎን ልኮልኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን አክስት ሃውናኒ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ሉ-ኡ-ኡ-ካን ሲጠሩ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አጎንብሰው ነጠላ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እሳቸው ግን አጨበጨቡ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ከዛ ወደ መድረኩ መጡ።

«ሉካ ማናት?»

«የአጎታችን አያት!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«ቆንጆ ነበረች?»

ካዌሎ አንገቱን ደፋ። «አሳማ ታረባ ነበር፣ አክስቴ።»

«እናቴ ጓሮዬ ነው የተቀበረችው። ነገ ልጆቹን ይዘህ ና። ከመምጣትህ በፊት ግን የማን ዘፈን እንደሆነ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ብረቱን ይዞ ቆመ። እኔ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ብፈጥን ሳይናገር ሊደርስ ነው።

«ልጆች፣ ዘፈኑ የኔ አይደለም። ከአክስት ሃውናኒ ሰርቄው ነው።»

ኋላ የተቀመጠው ትሮምቦን ነፊ፣ «የራስህን ለምን አላመጣህም?» አለ።

«የለንም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ከዛ በኋላ ቀና ብሎ ያየው ልጅ የለም። ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ። ሲስቁበት ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጓሮው ደርሰን ዓሣውን መሬት አስቀመጠ። «አክስቴ፣ ይፈቀድልኝ» አለ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ።

«ላስብበት» አሉ። ወንበር አስመጥተው ተቀምጠው አሰቡ። ልጆቹ መሣሪያቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ቆሙ። የካዌሎ ጆሮ ቀልቶ ቀልቶ ወደ ሐምራዊ ሄደ።

«ለልጆቹ ፈቅጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ አጥሩ ጋ ሁንና ስማ። ጣሪያ ላይ ሆነህ በደንብ አልሰማህም።»

ልጆቹ ያለ እሱ ዘፈኑ። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩን ይዞ ቆመ። እኔም ከአውቶቡሱ ወርጄ አጠገቡ ሄድኩ።

«አንተ ደግሞ ምን አድርገህ ነው?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«እያወቅኩ ዝም አልኩ» አልኩት።