በያይነቱ ሠርጌን ሊያስቀርብኝ ሲል

ነገሩ የሆነው አምና፣ ሠርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ በጣም ደንግጬ ነበር፤ ዛሬ ግን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ሐኪሙ «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝና ምክር ጨመረበት። አንጀታችን ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ ስንበላ እነሱ ይጠግባሉ፤ ሲጠግቡ ብግነቱን ለማብረድ ያግዛሉ አለኝ። እኔ ሥጋ ካልቀመስኩ የበላሁ የማይመስለኝ ሰው ነኝ። ቢሆንም እያነከስኩ ሙሽራ መሆን አልፈለግኩም።

የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ አንጾምም። ግን ሐይቅ ዳር የለመድኩት ምግብ ቤት በያይነቱ የሚሠራው በጾም ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ በረንዳው ላይ ተሰይሜ ትሪውን ጥርግ አደርጋለሁ።

አንድ ዓርብ ምሳ ላይ ቀና ስል፣ የእጮኛዬ የምሕረት አባት ጋሼ ቡሪሶ መንገዱ ላይ ቆመው ያዩኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ምሕረት እያለቀሰች ደወለች። «አባዬ ሃይማኖትህን ቀይረሃል ብሎ፣ ሠርጉ ይቆይ አለ!»

እያነከስኩ ቤታቸው ሮጥኩ። ስለ ባክቴሪያዎቹ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«ሆድህ ውስጥ ላሉት ቀለብ ልትሰፍር ነው ሥጋ የተውከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ትል ከሆነ እኮ መድኃኒት አለው!»

የምሕረት እናት ነገሩን ሊያበርዱ ከሐይቁ ዳር ገበያ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልኝ። ልጎርስ ስል ጋሼ ከለከሉኝ። «ዓሣማ ስንቱ ጾመኛ ይበላል፤ ማስረጃ አይሆንም» ብለው ክትፎ አስመጡ።

ምሕረት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ክትፎውን እስከ መጨረሻው በላሁት። አትክልት የለመደው ሆዴ ግን ጉድ አፈላብኝ፤ ሳሎኑ ሙሉ እስኪሰማው ድረስ ይጮህ ጀመር። እኔ በኀፍረት ልሞት ደርሻለሁ። ጋሼ ቡሪሶ ጆሯቸውን ወደ ሆዴ አዘንብለው አዳመጡ።

«ውይ፣ እውነቱን ነው ለካ!» አሉ። «አሉ እኮ! ሥጋውን አልወደዱትም።»

ምሕረት እንባዋን ሳትጠርግ በሳቅ ፈነዳች። ሠርጉም በቀኑ ሆነ።

ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ መድኃኒቱ ይሁን ጎመኑ አላውቅም። ጋሼ ቡሪሶም ወገባቸውን ስለሚያማቸው ዓርብ ዓርብ አብረውኝ በያይነቱ ይበላሉ። ያን ቀን አዝኜባቸው ነበር፣ አሁን ግን ከእሳቸው ጋር ምሳ እንደመብላት የሚያስደስተኝ የለም። ታዲያ በረንዳው ላይ አንቀመጥም። እሳቸው ጓሮ በኩል ግድግዳ ተደግፈው ይጎርሳሉ፤ እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳይመጣ በሩን እጠብቃለሁ።