አሥረኛው ዓረፍተ ነገር

የበደለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቀኑም የአባታችን ሠልስት ነው፤ ኅዳር ውስጥ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት። ለቅሶ በተቀመጡት ሴቶች ፊት የእንግሊዝኛ ደብተሬን ከፍ አድርጋ ያዘችና «ሞቱን ቀድማ የጻፈችው ይቺ ናት» አለች። ከሴቶቹ አንዷም ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ሁሉም መጀመሪያ ደብተሩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

የቤት ሥራ ነበር። ያደግሁት ከአማኑኤል ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር ሲሆን የምማረው አማኑኤል ነው። መምህራችን «ፖርቴንድ» የሚል ግሥ ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ ወደፊት የሚመጣን ነገር አስቀድሞ ማመልከት ማለት ነው ብለው፣ በእሱ አሥር ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዙን። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ስለ መርከብና ስለ ማዕበል ያወራል። እኔ መርከብ አይቼ አላውቅም። ሁለት እንደምንም ጽፌ ቆምኩ።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

«እስቲ አስኳላ፣ ዛሬ ምን አስተማሩሽ?»

የግሡን ትርጉም ስነግረው ማጭዱን አስቀምጦ ሳቀ።

«እሱንማ እኔ ላስተምራቸው! ጻፊ። ደመና ጮቄ ተራራ ላይ ከተኛ በረዶ ይመጣል። ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ዳገት ከወጣ ዝናብ አለ። ውሻ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ከተኛ እንግዳ አለ።»

እሱ በአማርኛ ይለዋል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አዞረዋለሁ። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር «በይ በነሱ አፍ አንብቢልኝ» ይለኛል። አነብለታለሁ። አንዲት ቃል ሳይገባው፣ ልክ ነው እንደማለት ራሱን ይነቀንቃል። ዘጠነኛው ላይ የግራ ዓይን ቆብ ሲርገበገብ ለቅሶ ነው አለ። አሥረኛው ጠፋን። ትንሽ አስቦ «ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች አባወራው ይሞታል» አለ።

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሳሁ።

«ይሄስ ይቅር አባባ።»

«ጻፊው እንጂ! ወረቀት ምን ያውቃል? አሥር አምጪ ብለውሽ ዘጠኝ ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

ጻፍኩት። ከአሥር አሥር አገኘሁ። የመምህሩን ቀይ ምልክት ሳሳየው በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ እንዳይለቅ የፈራ ይመስል በጣም ቀስ ብሎ።

በሁለተኛው ሳምንት ጎኔን ወጋኝ ብሎ ተኛ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ጉጉት ስትጮህ የሰማ ሰው አልነበረም።

ሴቶቹ ሲያዩኝ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር፤ «ጻፊ ያለኝ እሱ ራሱ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ግን ይህን ብል በገዛ አፉ ሞትን ጠራ ሊሉት ነው። አፈሩ ሳይደርቅ የሰው ወሬ እንዲሆን አልፈለግሁም። ዝም አልኩ። ዝምታዬም እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። እናት ስላልነበረን እህቴ «ከእንግዲህ አስኳላ የለም» ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ሁለት ዓመት ልጆቿን አዘልኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ በረት ጠረግሁ። አላስራበችኝም፤ ልጆቿንም ወድጃቸው ነበር። እሱን አልክድም።

በሦስተኛው ዓመት ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ሰው ቤት እየሠራሁ የማታ ተማርኩና እኔም የእንግሊዝኛ መምህርት ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ያ ግሥ ከምንባብ ውስጥ ብቅ ባለ ቁጥር ተማሪዎቼን «እሱን ቤታችሁ ታዩታላችሁ» እያልኩ አልፌዋለሁ።

ዘንድሮ እህቴ የዓይኗን ሞራ ልታስወጣ ወደ ከተማ መጣች። እኔ ዘንድ አረፈች፤ ሌላ የምታርፍበት የላትም። የግራ ዓይኗ ፋሻ በተነሳ ማግስት፣ ጠዋት፣ ከጓዟ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ደብተሬ ነው። አቃጥላዋለች ብዬ ነበር የኖርኩት።

«አንብቢልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የአባባን።»

«የእኔ ነው እንጂ እታለም፤ ሞቱን ቀድሜ የጻፍኩበት።»

«ተይ እንግዲህ። ያን ቀን ልጠይቃችሁ መጥቼ ከግድግዳው ወዲያ ላም እያለብኩ ነበር። ጻፊው እንጂ ሲልሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱ ሄደ። አንቺም በዚያ እንግሊዝኛሽ ልትሄጂ ነው። እኔ ከማን ጋር ልቀር?» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አባባን አሳልፈሽ እንደማትሰጪው ደግሞ አውቅ ነበር።»

የቆረጠኝ ይሄኛው ነው። ዝምታዬን እንደሷ ያወቀው ሰው የለም፤ አውቃም ተጠቀመችበት።

«በአማርኛ ወይስ...?»

«በነሱ አፍ።»

አነበብኩላት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ቀዩ ምልክት ግን አልለቀቀም። እያንዳንዱን በጨረስኩ ቁጥር አንዲት ቃል ሳይገባት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልክ እንደ እሱ፣ አገጯን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ። ዘጠነኛው ስለ ግራ ዓይን እንደሆነ ስነግራት «ይኸው የእኔን ሐኪም ነክቶት ያለቅሳል፤ ይሄስ ይቆጠራል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳላስበው ነው የሳቅሁት።

አሥረኛው ላይ ቆምኩ።

«እሷንም» አለች።

አነበብኳት። ሁለታችንም ጣራውን አየን፤ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ደብተሩን ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። የዓይን ጠብታዋ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እጄን ታጥቤ ጨመርኩላት።