በቃሌ የያዝሁት የወገብ ሕመም

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ይህን የምጽፈው ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ እትዬ ሕይወት፣ "እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው" ስላሉኝ ነው።

የላኩኝ ለጥናት ነበር። ወገብና መገጣጠሚያ የሚያክሙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሕክምና መመሪያቸውን ምን ያህል እንደሚከተሉ ለመለካት ነው። ወገቤን የታመምሁ መስዬ እገባለሁ፤ ስወጣ መመሪያው ከሚያዛቸው አሥራ ሁለት ጥያቄዎች የትኞቹን እንደጠየቁኝ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ባለሙያዎቹ አንድ ቀን አስመሳይ ታማሚ እንደምትመጣ ተነግሯቸው ፈቅደዋል፤ ማን እንደሆነች ግን አያውቁም። የመጨረሻው ጥያቄ ሽንት ያመልጥሻል ወይ የሚል ነው። ታማሚዋ "አዎ" ካለች በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ አለዚያ እግሯ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እትዬ ሕይወት "ማንነትሽን ለማንም እንዳትገልጪ" ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝሁ። ለመለማመድ እያነከስሁ ስገባ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰውዬ ከፊት ወንበር ተነሡልኝ።

"ምን ተሸክመሽ ነው ልጄ?"

"ጀሪካን" አልሁ።

"የዘንድሮ ልጅ! እናቴ ይኸው በስተርጅና እንስራ ትሸከማለች" አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ገሳይ ከተማ ወርጄ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ በሃያ ብር በላሁ። ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ማሳውንም መንገዱንም ሸፍኖታል። አጠገቤ ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ዘወር ስል ማንም የለም። በጉም ውስጥ ጋኔን ሰው ይጠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

አራት ሰዓት

ሕክምና ቤቱ ከገሳይ አለፍ ብሎ ነው፤ ስሙን እንዳልጽፍ ተነግሮኛል። ወረፋው ላይ እኔና አንዲት እናት ብቻ ነበርን። ደብሬ እባላለሁ አሉኝ። ሳልጠይቃቸው ሕመማቸውን ይነግሩኝ ጀመር።

"ጀሪካን ሳነሣ ወገቤ ቀጭ አለ። ከዚያ ወደ ግራ እግሬ እንደ እሳት ወረደ።"

ሰውነቴን ወረረኝ። በቃሌ ያጠናሁት ይህንኑ ነበር፤ ጀሪካኑም፣ ግራ እግሩም፣ እሳቱም። እትዬ ሕይወት እኔን የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ልከው ይሆን ብዬ ተጠራጠርሁ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ልክ በወረቀቴ ቅደም ተከተል፣ አንዱም ሳይዘለል። የራሴን መልስ በሌላ ሰው ድምፅ አዳመጥሁ። ከንፈሬ ሳላውቀው አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የሽንቱ ጥያቄ ሲመጣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀስ ብለው "አዎ" አሉ።

ባለሙያው ሳቀ። "ጎበዝ! መልስዎ ሁሉ ልክ እንደ መጽሐፉ ነው፤ የምር ያፈሩ አስመሰሉት እኮ። እኔም አንድም ጥያቄ አልሳትሁም አይደል? በሉ፣ ለላኩዎት ሰላም በሉልኝ።"

እትዬ ደብሬ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ። "ማን ላከኝ ይላል? ባሌ ነው በበቅሎ ያመጣኝ" አሉኝ። "ብቻ ጎበዝ ብሎኛል፤ ደህና ነዎት ማለቱ ይሆናል።" ወደ ጉሙ ገቡና ጠፉ።

የተቀመጡበትን አግዳሚ አየሁ። እርጥብ ነው። ይህን ማንም አጥንቶ አይመጣም።

ስሜ ሲጠራ ገባሁ።

"የተላክሁት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"አስመሳይዋ እኔ ነኝ። እሳቸው የእውነት ታማሚ ናቸው። አግዳሚውን ይዩት።"

አየው። ፊቱ አመድ መሰለ። ተያይዘን ወደ ውጭ ሮጥን፤ ግቢው ነጭ ብቻ ነው። "እትዬ ደብሬ!" ብዬ ጮኽሁ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። በአራተኛው የወንድ ድምፅ፣ ከየት በኩል እንደሆነ ሳይታወቅ፣ "ሰው ነሽ?" አለኝ።

"ሰው ነኝ!" አልሁ። "ሰው ነኝ፣ ቁሙ!"

ባለቤታቸው ነበሩ። በቅሎዋን ይዘው ቆመው ጠበቁን።

ወደ ደብረ ታቦር

ባለሙያው መላኪያ ወረቀቱን ጻፈ፤ በአምቡላንስ ተመለስን። ሆስፒታሉ ዛሬውኑ ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር ይሂዱ አለ። እግራቸው ይድን አይድን እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ሕይወት ሆስፒታሉ ድረስ መጡ። ወረቀቴ ባዶ መሆኑን አይተው "ይህ አይቆጠርም፤ ግን ደግ አደረግሽ" አሉኝ። እኔ ግን ምልክት ባደርግበት ኖሮ ከሁሉም የሚበልጠው የዚያ ወጣት ውጤት እንደነበር እያሰብሁ ነው። ሁሉንም ጠይቋል። መልሱን አላመነም እንጂ።

ባሕር ዳር ወደሚወስዳቸው መኪና ሲያስገቧቸው እትዬ ደብሬ እጄን ያዙ። ማን እንደሆንሁ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ልነግራቸው አልቻልሁም።

"አንቺ ግን ልጄ፣ በእኔ ጣጣ ሳትታከሚ ዋልሽ" አሉኝ። "ነገ ሄደሽ ታዪ፤ እንደኔ አፍረሽ እንዳትቀመጪ።"