የቡሪዋ ዳማከሴ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር በተከራየነው ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ነበርን። ታላቃችን የወሎ ሴት ነበረች፤ እታለም እንላታለን። አንድ ቀን በቀትር ፀሐይ የመዳሟን ልብስ ጣሪያ ላይ ስታሰጣ ውላ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ከንፈሯ ውኃ ቋጥሯል። “ምች ነው” አልን ባንድ አፍ። በካርቱም ፀሐይ ምች ያልመታው ማን አለ?

የምች መድኃኒቱ ደግሞ ዳማከሴ ነው። አገር ቤት አጥር ሥር ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ማንም ከቁብ የማይቆጥረው ቅጠል፤ እዚህ ግን ብርቅ ነው። ቡሪ ሰፈር የምትኖር አንዲት ጎንደሬ በዱቄት ወተት ጣሳ ተክላ እንደ ልጅ ታሳድገዋለች ሲባል ሰምቼ በአውቶቡስ ሄድኩ። ንፉግ ናት ይሏታል፤ ውሸታቸውን ነው። ቅጠሉን ሁሉ መልምላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ። ለራሷ ባዶ ግንዱ ቀረ።

ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ ሽታውን አስማግኳት፣ ጭማቂውን በቡና አጠጣኋት፣ ገላዋን ቀብቼ በብርድ ልብስ ሸፈንኳት። አላባት። ትኩሳቱም ለቀቃት። በማግስቱ ተነስታ በስስቴ ስትስቅብኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ሌላ ቀን ሳይውል ትኩሳቱ ተመልሶ ጣላት።

“ያላ፣ ሐኪም ቤት!” አልኳት።

“ሁግና ሊወጉኝ? ወላሂ አልሄድም። ምች መርፌ አይወድም፣ ይገድላል። ይልቅ ደግመሽ ቡሪ ሂጂልኝ።”

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ። ተሸክመን የወሰድናት ራሷን ከሳተች በኋላ ነው። ሐኪሙ ወባ መሆኑን፣ ትኩሳቱም ለቀቅ አድርጎ መልሶ የሚይዝ መሆኑን ነግሮን መርፌ ወጋት። ሳይመሽ ሞተች።

ለቅሶው ላይ የሁሉም ቃል አንድ ነበር፤ “መርፌው ገደላት።” ወባ ነው ብዬ አፌ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ማን ይስማኝ? በዓይናቸው አይተዋላ! ዳማከሴው አስነሳት፣ መርፌው ጣላት።

ዝናቡ ሲገባ ከጎኔ የምትተኛዋ ልጅ እየተንቀጠቀጠች ከሥራ ተመለሰች። ከንፈሯን አየሁና ልወስዳት ቦርሳዬን አነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

“እንደ እታለም እንዳታስወጊኝ። አደራሽን።”

አንዷ ጓደኛችን ቡሪ ልትሄድ ሻርፗን እየለበሰች ነበር። ግንዱ እንደገና አቆጥቁጧል አለችን።