የሌቨርት ተረከዝ

ኦዜል ቲድዌል ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ሲጫወት አይቼው አላውቅም። የሚቀመጠው የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ነበር። የምንጫወትበት መጠጥ ቤት ባለቤት ሚስ አርዜላ ስንት ጊዜ ደህና ወንበር አምጥተው "ያ ሳጥን እንቁላል ነው እንዴ የምትታቀፈው?" ብለውታል። እሱ ፈገግ ይላል፣ ወንበሩ ላይ ኮቱን ያንጠለጥላል፣ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ይላል። ሳጥኑን ጎትቶ ከዘፋኛችን ከሌቨርት ጉልበት ስር ካላስጠጋ ደግሞ አይጀምርም። ሁለቱ እግራቸውን የሚያሳርፉት አንድ ጣውላ ላይ ነው። እኔ ሃርሞኒካዬን ይዤ አጠገባቸው ስቆም "ሙሽሮች፣ ልውጣላችሁ እንዴ?" እላቸው ነበር።

የዓለም ጦርነቱ ካለቀ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ሦስታችንም ከሚሲሲፒ መጥተን ቺካጎ ምዕራቡ ሰፈር የገባን ሰዎች ነን። ሳምንቱን ሙሉ የብረትና የሥጋ ፋብሪካ ሲበላን ይሰነብትና እሁድ ከሰዓት ሚስ አርዜላ ቤት እንጫወታለን። ዘፋኙና አለቃችን ሌቨርት ሩክስ ነው። እኔ ኤልሮይ እባላለሁ፤ ምላሴ ከሃርሞኒካዬ ይፈጥናል ይሉኛል፣ ውሸት አይደለም።

ሌቨርት ቆጥሮ አያውቅም። ሌላው ዓለም አሥራ ሁለት ቆጥሮ የሚመለስበትን ዜማ እሱ ሲያሻው በአሥራ አንድ፣ ሲያሻው በአሥራ ሦስት ተኩል ወደ መነሻው ይዞራል። ቃሉን ሲጨርስና ልቡ ሲፈቅድ ዞረ፣ በቃ። ጊታር የተማረው በረንዳ ላይ ብቻውን ነው፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው ማንን ይጠብቃል? ከኦዜል በፊት ሦስት ጊታረኞች ሞክረውት ሦስቱም ተሳድበው ሄዱ። የመጨረሻው ጊታሩን ሳጥን ውስጥ እየከተተ "ይሄ ሰውዬ ድብብቆሽ ነው የሚጫወተው" ብሎ ነው የወጣው። እኔ ራሴ አፌን ከሃርሞኒካው ላይ አንስቼ እስኪዞር የምጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ኦዜል ግን አንድም ቀን አልጠፋበትም። ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚጫወት ሰው ስላልነበረን የወፍራሞቹን ክሮች ቅኝት ወደ ታች አውርዶ ከስር ከስር ይሄድልናል። ሌቨርት ሲዞር እሱም አብሮ ዞሯል። ከኋላ ተከትሎት አይደለም፣ እኩል ነው። ከሌላ ሰፈር ጊታረኞች እየመጡ ጣቶቹን አፍጥጠው ያዩ ነበር። ምስጢሩን ሲጠይቁት ይስቃል እንጂ አይመልስም። ኩራት ነው አልን።

በሌላም ነገር ኩራተኛ አድርገነው ነበር። ከኋላው ስትጠራው አይዞርም። ጨዋታ ላይ ሁሉም ሲስቅ ይስቃል፣ ቆይተህ ምኑ እንዳሳቀው ብትጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ጊታሩን ሲቃኝ ደግሞ አገጩን እንጨቱ ላይ ይጭናል፣ አንዳንዴም ጫፉን በጥርሱ ይነክሰዋል። ሴቶቹ ይህን ለትርኢት የሚያደርገው መስሏቸው ያጨበጭቡለታል። እኔም መስሎኝ ነበር። የቀን ሥራው የእንፋሎት ጋን፣ ቦይለር፣ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ሌሎቹ የብረቱን ምስማር ከውጭ በመዶሻ ሲያወርዱት እሱ ቦይለሩ ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ ከውስጥ ደግፎ ይይዛል። አሥር ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አመሉንና ሥራውን አንድ ላይ አስቤው አለማወቄ ዛሬም ያናድደኛል።

አንድ እሁድ ሸክላ የሚያሳትም ሚስተር ፌልድ የሚባል ሰውዬ መጥቶ ሰማን። ሲወጣ ሌቨርትን ያዘውና ማክሰኞ ጠዋት ስቱዲዮ መጥተን አራት ዘፈን እንድንቀዳ ነገረው።

"ሁለተኛ ጊታር የሚጫወት የራሴ ሰው አለኝ" አለ ሚስተር ፌልድ። "ኖታ ያነባል።"

"የኔን ዘፈን ከየት አግኝቶ ያነበዋል?" አለው ሌቨርት። "ኦዜል ነው የሚመጣው።"

"እሺ፣ እንሞክረው። ጊዜ ካባከነብኝ ግን የኔ ሰው ይገባል፣ ተስማማን?"

ኦዜል የሚስተር ፌልድን ከንፈር አፍጥጦ እያየ ነበር። ነገሩ ከሱ በላይ የገባው ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ አብረን ሄድን። የኦዜል ሚስት ቨርዲ ሸሚዙን ተኩሳ ጫማውን ወልውላ፣ የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታዋለች። ጊታሩን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ወደኔ ዞረ።

"ኤልሮይ፣ ይሄን ሸክላ በጣም እፈልገዋለሁ።"

"ማን የማይፈልገው አለ?"

"አንተ ሌላም ይመጣልሃል። ለኔ አንድ ነው የሚደርሰኝ።"

"ምን ነካህ አንተ፣ በጠዋቱ ሟርት! ይልቅ ከዶሮው አንድ እግር ወዲህ በል" አልኩት። ሰጠኝ።

ስቱዲዮው ድሮ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ሠራተኛው የኦዜልን አምፕሊፋየር ወስዶ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ድምፁ ማይክራፎን ውስጥ እንዳይገባ ነው አለ። ለኦዜል ከሌቨርት አራት እርምጃ ራቅ አድርጎ ወንበር ሰጠው። ሌቨርት ሲሞክር እግሩ ደብ ደብ ሲል ሰማና ደግሞ ትራስ አምጥቶ ከጫማው ስር አደረገለት። ኦዜል ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ሳጥኑ ላይ ልቀመጥ ብሎ ጠየቀ፣ አይሆንም ተባለ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩ ላብ ነበር። ጠዋት ነው፣ ቤቱም ይበርዳል።

በመጀመሪያው ሙከራ ኦዜል ሦስተኛው ስንኝ አካባቢ ጠፋ። ሌቨርት ዞሯል፣ ኦዜል እዚያው ቀርቷል። ቆምን። ሁለተኛው ባሰ። በሦስተኛው ገና ሳንጀምር ቀድሞ ሄደ። ከመስታወቱ ወዲያ ሚስተር ፌልድ ሰዓቱን ያያል። ኖታ የሚያነበው ሰውዬ ጊታሩን ታቅፎ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍሩን ያጸዳል። ሚስተር ፌልድ በድምፅ ማጉያው "አንድ ብቻ እንሞክራለን፣ ከዚያ እንቀይራለን" አለና ዘጋው።

እኔ ደሜ ፈላ። በሦስቱም ጊዜ እኔ በሕይወቴ ተጫውቼ የማላውቀውን ተጫውቼ ነበር። ሦስቱም በሱ ምክንያት ተጣለ። ፊቱ ሄጄ ቆምኩና ጮህኩበት።

"አንተ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?"

አፌን አፌን ሲያይ ቆየና "አዎ" አለ።

መጀመሪያ የሚያሾፍ መሰለኝ።

"የግራ ጆሮዬ በቦይለሩ ጩኸት ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው" አለ። "ቀኙም ትንሽ ነው የቀረው፣ እሱም እየሄደ ነው። የራሴን ጊታር በመቀመጫዬ ነው የምሰማው። ሌቨርትን በእግሬ።"

"በእግርህ?" አለ ሌቨርት።

"ምቱን በእግር ጣቶችህ ትመታለህ። ልትዞር ስትል ተረከዝህን ትጥላለህ። ሁልጊዜ። ጣውላው ይነግረኛል።"

"እኔ ተረከዜን እጥላለሁ?"

"ትጥላለህ።"

ሌቨርት የሌላ ሰው እግር ይመስል የገዛ እግሩን አየው። ቀጥሎ ትራሱን፣ ከዚያም ምንጣፉን አየ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ሃርሞኒካዬን ኪሴ ከተትኩ፣ መልሼ አወጣሁት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰውን በቁጣ ብዙ ብያለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ ግን መልሶልኝ የሚያውቅ የለም።

ሌቨርት ወንበሩን ጎትቶ ኦዜል ፊት ለፊት አደረገና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ከንፈሩን ለኦዜል ግልጽ አድርጎ "አንተም አውልቅ" አለው።

ኦዜል አወለቀ። ሌቨርት እግሩን አንስቶ የኦዜል እግር ላይ ጫነ፤ ጣቶቹ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ፣ ተረከዙ እግሩ ጀርባ ላይ። በጣቶቹ ሁለት ጊዜ መታ፣ ተረከዙን ጣለ።

"ሲያምህ ንገረኝ።"

"ካላመመኝ አልዞርክም ማለት ነው" አለ ኦዜል።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም።

አራተኛውን አንድም ሳንቆም ጨረስነው። ሌቨርት እንደ ልማዱ አንዱን ቤት አስረዘመ፣ አንዱን ቆረጠ፣ ኦዜል አብሮት ነበር። ማይክራፎኑ የእግር ድምፅ አልሰማም፤ ሁለት ካልሲ ምን ድምፅ አለው? የኦዜል አምፕሊፋየር ጥግ ላይ ነው፣ አይሰማውም። ሆኖም ጣቶቹ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ አጥቶት የነበረው መቼ እንደሚሄዱ ብቻ ነው። ሚስተር ፌልድ በሩን ከፍቶ ገባ።

"ምንድን ነው የቀየራችሁት?"

"ጫማ ጠቦን ነበር" አለው ሌቨርት።

ኖታ የሚያነበው ሰውዬ ጊታሩን ወደ ሳጥኑ መለሰ። በቅን ልብ "ጥሩ ነው" ብሎን ወጣ፤ እኔም ስቀመጥ ስነሳ ስረግመው ማርፈዴ አሳፈረኝ። አራቱን ዘፈን ስንጨርስ እኩለ ቀን አልፏል። የኦዜል እግር ጀርባ አብጦ ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። አንዱን ጫማ በእጁ ይዞ ነው አውቶቡስ የተሳፈረው።

መንገድ ላይ እንዲያየኝ ዞሬ "ስላልኩህ ነገር ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

"ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር እኮ" አለ። "አንተ ጠየቅከኝ። ደስ የማይል አጠያየቅ ቢሆንም።"

ቤቱ ስንደርስ ቨርዲ እግሩን አይታ "ጊታር ልትጫወት ነው የሄድከው ወይስ በቅሎ ልትጭን?" አለችው። ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ አቀረበችለት። እሷስ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጓዳ ድረስ ተከትዬ ጠየቅኳት።

"አንተ ኤልሮይ፣ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም ብለህ ነው?" አለችኝ። "እሱ ሊነግራችሁ አልፈለገም፣ እኔ ልነግራችሁ ነበር? አሁን ውጣልኝ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።"

ሸክላው ወጣ። በላዩ የተጻፈው የሌቨርት ስም ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ከኋላ ያለ ሰው ስሙ አይጻፍም ነበር። በዚያ በጋ ሰፈራችን ባሉት መጠጥ ቤቶች ሁሉ፣ ሳንቲም እየጎረሱ ሸክላ የሚያጫውቱት ማሽኖች ውስጥ ገብቶ ሲዘፈን ከረመ። ከዚያ ሌላ ሸክላ መጣ፣ ሰውም ረሳው። ስቱዲዮው ሁለተኛ አልጠራንም። ኦዜል በቀጣዩ ክረምት ቀኝ ጆሮውንም ጨረሰ። ጣውላው ላይ ከሌቨርት ጋር አምስት ዓመት ተጨማሪ ተጫወተ። እንግዳ ሰው ቢያየው ምንም አያውቅበትም። ሌቨርት አንድ ቀን ሥራ ቦታ ወድቆ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የቀብሩ ዕለት ኦዜል ጊታሩን ለሌቨርት ወንድም ሰጠው። "ማንን ልከተል?" አለኝ።

ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ ሚስ አርዜላ ቤት እየመጣ ይቀመጣል። የሰው ከንፈር ያያል፣ ቢራውን ይጠጣል። አንድ እሁድ ማሽኑ ውስጥ የእኛ ሸክላ አሁንም መኖሩን አየሁና ሳንቲም ከተትኩ። ኦዜል ተነስቶ መዳፉን የማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆይቶ አነሳው።

"ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚያንቀጠቅጠው" አለ። "አይለይም።"

ወደ ወንበሩ ሲመለስ ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። አየኝ። እሱም ሳይናገር አወለቀ። ሁለተኛ ሳንቲም ከትቼ ሸክላውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩና እግሬን እግሩ ላይ ጭኜ በጣቶቼ ምቱን መታሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። የግራ እጁ ጣቶች ጭኑ ላይ መሄድ ጀመሩ፤ ያኔ የሄዱበትን መንገድ ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው ቤት ላይ ተረከዜን ጣልኩ። ኦዜል አንድ ዓይኑን ከፈተ።

"ዘገየህ።"

"እንዴ! እየሰማሁ እኮ ነው የምመታው!"

"ሌቨርት እዚህ ጋ አይጠብቅም። አሥራ አንድ ነው።"

ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። እውነቱን ነው። ጆሮ ያለኝ ሰውዬ በልማድ አሥራ ሁለት ቆጥሬያለሁ፣ ሌቨርትም ጥሎኝ ሄዷል።

"እንደገና" አለ ኦዜል፣ ዓይኑን መልሶ እየጨፈነ።

አንድ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ፣ ሚስ አርዜላ እየሳቁብኝ ማሽኑ ጋ ሄጄ ሌላ ሳንቲም ከተትኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩና በዚህኛው ጊዜ ተረከዜን አሥራ አንዱ ላይ ጣልኩለት።