ከድሪቶው የተፈታው ቁራጭ

ከአራዳው ሱቄ ወስደው፣ «የመሬት ልኬታውን ተቃውመህ ገበሬ አሳድመሃል» ብለው ያሰሩኝ ክፍል ጣሊያን ለእህል መጋዘን የሠራው ነበር። መስኮት የለውም። ከጣራው ሥር በምትገባ ጭላንጭል ብርሃን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ያበዱ መሰለኝ።

አርበኛ ነበሩ። በስደት ሳሉ ቆስለው ካርቱም ሆስፒታል ሲተኙ፣ አጠገባቸው የተኛ እግረ ቆራጣ እንግሊዛዊ ወታደር ከአሮጌ የወታደር ልብስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጭ እያወጣ ብርድ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከእሱ ተማሩ። እኛ ድሪቶ እንለዋለን። የእሳቸው ድሪቶ ግን ከዚያ ክፍል ሟቾች ልብስ የተሰፋ ነው። ሬሳውን ዘበኞቹ ይወስዱታል፤ የት እንደሚቀብሩት አይነግሩም።

«ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ይዘረጋ የለም?» አሉኝ። «ለእነዚህ ማን ይዘርጋላቸው? እኔ ዘረጋሁላቸው።»

ብርዱ ሲጠና የክፍሉ እስረኞች ከሥሩ በየተራ እንተኛለን። መጀመሪያ ይቀፈኝ ነበር፤ በኋላ እኔም ተራዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከሟቾቹ አንዱ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጣ ገበሬ ነው፤ ሳል ገደለው። ሚስቱ አልተነገራትም። በየገበያው ቀን በአገልግል ስንቅ ታመጣለች። ዘበኛው የሚጥመውን ይበላና ትራፊውን ለእኛ ያስገባል።

«ደኅና ነው ወይ?» ስትል ከበሩ ውጭ ትሰማለች።

«ደኅና ነው» ይላታል።

አንድ ቀን ሽማግሌው ከስንቁ አልበላም አሉ። ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ የገበሬውን ቁራጭ ከድሪቶው ፈቱት። ሚስቱ ራሷ የፈተለችው ጋቢ ነው፤ ጥለቱ አለበት።

«ምነው አያ፣ ይተዉት! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልኳቸው።

«ባሏ የሞተባት ሴት ታለቅሳለች። ይቺን እስከ መቼ ስንቅ ያሸክሟታል?» አሉና ቁራጩን ከባዶው አገልግል ውስጥ ከተው ክዳኑን ገጠሙት።

አገልግሉ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ስሙን እየጠራች ደረቷን ትደቃለች። በክፍሉ ያለነው ሁሉ ተነሥተን ቆምን።

«ሸጋ» አሉ ሽማግሌው፣ «ተለቀሰለት።»

ዘበኛው በሩን በርግዶ «ማነው የላከው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። ከጋቢያቸው ጫፍ ቁራጭ ቀደዱና ከመርፌው ጋር በእጄ አስጨበጡኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው አጣፍተው ወጡ። አልተመለሱም።

ቁራጫቸውን በገበሬው ቦታ ሰፋሁት። ስፌቱ ጠማማ ነው። ስለ አገራቸውም ስለ ዘመዳቸውም አውርተው አያውቁም ነበር፤ ማንን ላርዳ?

ስፈታ ይዤው ወጣሁ፤ ድሪቶው ዛሬ ቤቴ ነው። የእሳቸው የሆነ ሰው ቢመጣ ቁራጫቸውን ፈትቼ እንድሰጠው መርፌውን ከላዩ ሰክቼ አኑሬዋለሁ። እስካሁን የመጣ የለም።